ሰናፍጭ የምታህል ብልጭታ

«አለቀሰች» አሉ ሽማግሌው፤ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቃሏን አልሰማሁም። ማልቀሷን ግን ሰማሁ።»

የሆስፒታሉ የሬድዮ ክፍል ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ደፍ ላይ የሚቆምበት ጠባብ ክፍል ነው። ሽማግሌው መሣሪያው ፊት ተቀምጠዋል፤ ወጣቱ ሐኪም ከኋላቸው ግድግዳውን ተደግፏል፤ ደፉ ላይ የመሣሪያ ቦርሳዋን በትከሻዋ ያንጠለጠለች ሴት ቆማለች። ሦስቱም ዓይናቸውን የተከሉት የድምፅ ማውጫው ወንፊት ላይ ነው። ከዚያ የሚወጣው የሰው ድምፅ አልነበረም። ቆርቆሮ ላይ ጠጠር ሲፈስስ የሚሰማ የመሰለ ደረቅ ትርትርታ ክፍሉን ሞልቶታል። ለአፍታ ቆም ይላል፤ ከዚያ ትንፋሽ እንደ ወሰደ ሰው እንደገና ይጀምራል።

ከተራሮቹ ማዶ ካለችው ጤና ጣቢያ በቀን ሦስት ጊዜ ጥሪ ይመጣል፤ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ቀትር ላይ በስድስት፣ ከዚያም በዐሥር። ጣቢያዋን የያዘችው አንዲት ወጣት ነርስ ብቻ ናት። ስልክ እዚያ አይደርስም፤ መንገዱንም ናዳ ከዘጋው ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። የቀራት መገናኛ፣ ፀሐይ በሚሞላው ባትሪ የምትሠራ ትንሽ ሬድዮ ናት። ባትሪው ብዙ ወሬ ስለማይችል ልጅቱ ለቃል ቁጥብ ነች፤ ይህን ያህል በሽተኛ፣ ይህን ያህል መድኃኒት፣ ደኅና ዋሉ ብላ ትዘጋለች። ጣቢያዋን ከያዘች ሁለት ዓመቷ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋ ተንቀጥቅጦ አያውቅም።

«እሷ ግን እኛን ትሰማናለች?» አለ ሐኪሙ።

«ትሰማለች እንጂ! ጩኸቱ ያለው እዚህ እኛ ጋ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ተቀምጠህ፣ በር ላይ የቆመ ሰው ሹክ ቢልህ አትሰማውም፤ አንተ ብትጮህ ግን እሱ ይሰማሃል። እንደዚያ በለው።» ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «ለአዎ አንዴ፣ ለአይደለም ሁለቴ ቁልፉን ተጫኚ ብዬ ለመንኳት። አንዱን ከሁለቱ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ባትሪው ደከመባት መሰለኝ፣ ጠፋች።»

«ታዲያ ምን እንደሆነች ሳላውቅ ምን ልበላት? ደም ይሁን፣ ምጥ ይሁን፣ የእባብ መርዝ ይሁን... የዓለምን መድኃኒት ሁሉ ልዘርዝርላት?»

«በስድስት ሰዓት ትጠራለች» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። ከዚያ ሁለቱም ዞር ብለው ደፉ ላይ የቆመችውን ሴት አዩ።

ጠጋኟ ይሏታል። ስሙ የወጣላት ሬድዮ በመጠገን ነው፤ ዛሬ ግን ማቀዝቀዣም፣ ካውያም፣ የሆስፒታሉም ዕቃ በእጇ ያልፋል፤ የእህቷ ልጆች እንኳ የሚጠሯት «እትዬ ጠጋኟ» እያሉ ነው። አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ዕቃ ያናግራታል ብለው ያሟታል። እሷ ደግሞ ዕቃማ ለሁሉም ይናገራል፣ የማይሰማው ሰው ነው ትላለች። ጉራዋ ብዙ ነው፤ ደግነቱ ሥራዋም ብዙ ነው።

ረብሻው ከጀመረ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን መንገድ ላይ አግኝተው ነግረዋት ነበር፤ «እመጣለሁ ጋሼ» ብላ ቀረች። የመጣችው ዛሬ፣ ሰው ተልኮባት ነው። እንዲያም ሆኖ አፏ ቀደማት።

«ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ዝም አሰኘዋለሁ» አለች።

ግቢው መካከል ቆማ ከቦርሳዋ የኪስ ሬድዮዋን አወጣች። የተላላጠች፣ በላስቲክ የታሰረች፣ ሌባ እንኳ የሚንቃት ሬድዮ ነች። ግን ሆዷን ራሷ ጠጋኟ አውጥታ እንደገና ስለ ሠራችው፣ ሌላ የማይሰማውን ትሰማለች። በመብራት ኃይል የሚሠራ ነገር ሁሉ ሳይታወቀው ይናገራል። ሁለት ብረት ተነካክቶ በተላቀቀ ቁጥር ትንሽ ብልጭታ አለ፤ ብልጭታው ደግሞ ጣቢያ የሌለው፣ ፕሮግራም የሌለው፣ ቃል የሌለው የሬድዮ ማሰራጫ ነው። ጠጋኟ ይህን ካወቀች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ እስከ ዛሬ ይገርማታል።

ሰው ጩኸት ሲፈልግ ጩኸቱ ወደሚበረታበት ይሄዳል። እሷ እንዲህ አልተማረችም። ሥራውን ያስተማሯት አንድ ዓይናቸው የጠፋ ሬድዮ ጠጋኝ ነበሩ። «ጩኸት ያታልልሻል፤ ዝምታውን ተከተዪ» ይሏት ነበር። ሬድዮዋን መዳፍ ላይ አጋድሞ ቀስ እያሉ ሲያዞሯት፣ ጩኸቱ አንድ ቦታ ላይ ድንገት ይሞታል። ያን ጊዜ የሬድዮዋ ጫፍ የሚያመለክተው ወደ ረብሻው ቤት ነው።

አዞረች። ትርትርታው ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ጫፉ የግቢውን በር አልፎ ወደ ልብስ ሰፊዎች መንገድ ያመለክታል።

«አገኘሁህ» አለች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

መምህሯ ሌላም ነገር ይሉ ነበር። «አንድ መስመር ውሸታም ነው፤ ሁለት መስመር ምስክር ነው።» ሬድዮዋ እንደ ዘንግ ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ወደ ፊት ሲያመለክት ሌላው ወደ ኋላ ያመለክታልና፣ ረብሻው በየትኛው ወገን እንዳለ ለማወቅ ወደ ጎን ሄዶ ሁለተኛ መስመር ማስመር፣ ሁለቱ የሚገናኙበትንም ማየት ያስፈልጋል። ሃያ ዓመት ያደረገችውን ዛሬ አላደረገችም። አንደኛው ጫፍ ወደ ከተማው፣ ሌላው ወደ ሆስፒታሉ ነበር። የሆስፒታሉን ዕቃ ደግሞ ከወር በፊት አንድ በአንድ የፈተሸችው ራሷ ናት። የራሷን ሥራ መጠርጠር በሐሳቧም አልመጣም።

ከልብስ ሰፊዎቹ ሁሉ ሬድዮዋን ያስጮኸው በመጀመሪያው ቤት ያለው፣ ሜትሩን እንደ ሻርፕ አንገቱ ላይ የጣለ ወፍራም ሰውዬ ነው። ጉልበቱ ድረስ በተማሪ ዩኒፎርም ተቀብሯል።

«ማሽንህን አጥፋልኝ» አለችው።

«እህቴ፣ ሰኞ ትምህርት ይከፈታል። ሃምሳ ልጅ በፓንት ክፍል ሊገባ ነው?»

ነገሩን አስረዳችው። ከሞተሩ የሚወጣው ብልጭታ የሆስፒታሉን ሬድዮ እንደሚያደነቁር፣ ከተራራ ማዶ የምትጣራ ልጅ እንዳለች፣ ምን እንደምትል ያወቀ ሰው እንደሌለ ነገረችው። ሰውዬው እግሩን ከፔዳሉ ላይ አነሣ።

«የኔ ማሽን ሆስፒታል ድረስ ይሰማል? እኔን እኮ ሚስቴ እንኳ አትሰማኝም!» አለ፤ ግን ፊቱ አልሳቀም። ራሱ ጎንበስ ብሎ ሶኬቱን ነቀለላት።

ሞተሩን ፈታችው። ውስጡ ያሉት፣ ኃይሉን ወደሚሽከረከረው ክፍል የሚያሻግሩት ካርቦኖች ተበልተው ጥፍር አክለዋል። አጸዳች፣ ካርቦኖቹን ለወጠች፤ ከዚያ ቦርሳዋን በርብራ የመጨረሻዋን ካፓሲተር አወጣች። ባቄላ የምታህል፣ ሁለት እግር ያላት ነገር ነች። ሥራዋ ብልጭታ ሳይወጣ በፊት መዋጥ ነው። በየደቻትና ገጠመችው።

«ስፋ እስቲ።»

ሰውዬው ሰፋ። ማሽኑ አጠገብ የያዘቻት ሬድዮ ዝም አለች፤ ጠጋኟ ፈገግ ማለት ጀመረች። ፈገግታዋ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ከማሽኑ አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ያ ትርትርታ እንዳለ አለ። ቆም አለ። ትንፋሽ ወሰደ። ቀጠለ። ሰፊው ግን በመሐሉ እግሩን አላነሣም፤ ክሩም አልተበጠሰበትም።

የዚያን ጊዜ ነው የገባት። ከግቢው እየራቀች ስትመጣ ረብሻው እየላላ መሄዱን ጆሮዋ ሰምቶ ነበር፤ ልቧ ነው ያልሰማው። ወደ ጎን በሚያስገባው መንገድ መቶ እርምጃ ያህል ገባችና ሬድዮዋን አጋድማ አዞረች። ጩኸቱ ሞተ። ሁለተኛው መስመር የቤት ጣሪያዎችን አልፎ ተመልሶ ወደ ሆስፒታሉ ሄደ። ለአምስት ሰዓት ዐሥር ደቂቃ ይቀረዋል።

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል። ጠጋኟ ከልጅነቷ ወዲህ ሮጣ አታውቅም፤ ዛሬ ቦርሳዋ ጎኗን እየደበደባት፣ ልብስ ሰፊው ከደጁ ቆሞ እያያት፣ ሮጠች።

መተላለፊያው ላይ እየተራመደች፣ ሬድዮዋን በየበሩ እያስጠጋች ሄደች። ራጅ ክፍሉ ዝም ነው። ላቦራቶሪው ዝም ነው። የሬድዮ ክፍሉን አልፋ ሁለት ግድግዳ እንደ ቆጠረች፣ መዳፏ ውስጥ ያለችው ሬድዮ እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ጮኸች። በሩ ላይ «ጨቅላ ሕፃናት፤ ፀጥታ» ይላል።

ክፍሉ ሞቃትና ደብዛዛ ነው። መሐል ላይ ባለ ክዳን የመስታወት ሳጥን ቆሟል፤ ሆስፒታሉ ያለው ማሞቂያ ሳጥን እሱ ብቻ ነው። ውስጡ ዘጠኝ ቀን የሆነው፣ ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ወንድ ልጅ ተኝቷል። ቆዳው ከመሣሣቱ የተነሣ ደም ሥሮቹ ይነበባሉ። አጠገቡ በወንበር ላይ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት እናቱ ተቀምጣ አንድ ጣቷን በሳጥኑ ክብ ቀዳዳ አስገብታ እግሩን ነክታለች። ዘጠኝ ቀን ሙሉ የነካችው በዚያች ጣት ብቻ ነው።

ጠጋኟ ሳጥኑ ግርጌ ላይ ያለችውን ቀይ መብራት አየች። መብራቷ ስትበራ ሬድዮው ይጮኻል። ስትጠፋ ሬድዮው ዝም ይላል። ትበራለች፤ ይጮኻል።

ይህን ሳጥን ከወር በፊት የጠገነችው ራሷ ናት። ማራገቢያውን ለወጠች፣ «አዲስ ሆኗል» ብላ ፈረመች። ሙቀቱን የሚያበራና የሚያጠፋውን ቁልፍ ግን ከፍታ አላየችውም።

«ሲስተር» አለች ለክፍሉ ነርስ፤ «ይህን ሳጥን ማጥፋት አለብኝ።»

ሲስተር ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ከሹክሹክታ ከፍ የማይል ሴት ናቸው፤ ሹክሹክታቸው ግን ከሌላ ሰው ጩኸት ያስፈራል። «ምን አልሽ?»

ሐኪሙ በዚህ መሐል ደረሰ። ሰማና «በስድስት ሰዓት ለጥሪው ያህል ብቻ አምስት ደቂቃ ብናጠፋውስ?» አለ።

«ይህ ጩኸት ዝም ብሎ ጩኸት አይደለም» አለች ጠጋኟ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም። «ውስጥ ሁለት የብረት ምላሶች አሉ፤ ሲነካኩ ሙቀቱ ይበራል፣ ሲላቀቁ ይጠፋል። ብልጭታው እየበላቸው ነው። ዛሬ ሬድዮ ይረብሻል፤ ነገ ተጣብቀው ከቀሩ ይህ ሳጥን ምድጃ ነው የሚሆነው። ልጁም ውስጡ ነው። ከወር በፊት ስጠግነው ከፍቼ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁትም።»

ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲጮኽ የነበረው ሳጥኑ ራሱ ነበር፤ ልክ ከተራራ ማዶ እንዳለችው ነርስ ሰሚ አጥቶ።

«ስንት ደቂቃ ትፈልጊያለሽ?» አሉ ሲስተር።

«ሠላሳ። አርባ።»

«በዚህ ክብደት ዐሥር ደቂቃም አይችልም።» ሲስተር በዝግታ ወደ እናትየዋ ዞሩ። «ኮርስ ላይ በሥዕል ያሳዩን ነገር አለ። ራቁቱን፣ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ። ሠርቼው አላውቅም፤ ሳጥን ነበረኝ።»

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ይደረግ» አለ።

እናትየዋ ጣቷን ከቀዳዳው ነጠቀች። «እኔ? አይሆንም ሲስተር፤ እሰብረዋለሁ!»

«ሰባት ወር ሆድሽ ውስጥ ይዘሽው ስትዞሪ ሰበርሽው?»

ሲስተር የቀሚሷን ቁልፎች ፈቱላት። ክዳኑን ከፍተው ሕፃኑን በሁለት መዳፋቸው አወጡና፣ ደረቷ ላይ እንደ ደብዳቤ አስቀመጡት፤ በላዩ ብርድ ልብስ ደረቡ። ልጅቱ እንደ ሐውልት ደረቀች። መተንፈስ የረሳች ትመስል ነበር።

«ተንፍሺ» አሉ ሲስተር። «አንቺ ካልተነፈስሽ እሱ ከማን ይማር?»

ጠጋኟ ጀርባዋን ሰጥታ ተንበረከከች። ሶኬቱን ነቅላ የሳጥኑን ግርጌ ፈታች፣ የቁልፉን ሽፋን አነሣች፤ ከዚያ ለአፍታ ሶኬቱን መልሳ ሰክታ አየች። ክፍሉ ደብዛዛ በመሆኑ በደንብ ታየ። ሁለት የብረት ምላሶች ተቃርበው ቆመዋል፤ በመካከላቸው፣ ሰናፍጭ የምታህል ሰማያዊ ብልጭታ ትንቀጠቀጣለች።

ዕድሜዋን ሙሉ ብልጭታ ስታሳድድ የኖረች ሴት ነች፤ በሺህ የሚቆጠር አጥፍታለች። እንዲህ ቁጭ ብላ ያየችው ብልጭታ ግን አልነበረም። በጣት ቢነኳት የምትጠፋ ይቺ ነገር ሁለት ግድግዳ አልፋ፣ አየሩን ሞልታ፣ ተራራ ተሻግሮ የመጣ የሰው ለቅሶ ውጣለች። ይቺው ብልጭታ ደግሞ ዘጠኝ ቀን አንድ ልጅ አሙቃለች። ጠጋኟ ሰማይና ምድርን የያዘው ነገር ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ያን ጊዜ ታያት፤ ፈራች፤ ደስም አላት። ሶኬቱን ነቀለች።

ምላሶቹን በብርጭቆ ወረቀት አሸች፤ ጥላሸቱ ተነሥቶ ብረቱ እስኪያበራ አሸች። ከዚያ እጇን ወደ ቦርሳዋ ስትሰድ አስታወሰች። የመጨረሻዋ ካፓሲተር ልብስ ሰፊው ቤት፣ ዩኒፎርም እየሰፋች ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ቀና አለች፤ በክፍት በር በኩል የመተላለፊያው ረዥም አምፖል ታያት።

«ዶክተር» አለች፤ «ቁመት አለህ። ወንበር ላይ ውጣና ከዚያ አምፖል ጎን ያለችውን፣ አምፖሉን የምታስነሣውን የስታርተር ቆርቆሮ ጠምዝዘህ አምጣልኝ።»

ሐኪሙ በነጭ ጋውኑ ወንበር ላይ ወጣ። የሚያልፉ በሽተኞች ቆመው አዩት። መተላለፊያው ጨለመ፤ ቆርቆሮዋ መጣች። ጠጋኟ በፒንሳ ሰንጥቃ ከፈተቻት። ውስጧ፣ ከብርጭቆው ጎን፣ የምትፈልጋት ካፓሲተር ታጥፋ ተኝታለች። ስታርተሩን የሠራው ሰው፣ አምፖሉ ሲበራ የጎረቤት ሬድዮ እንዳይረበሽ ብሎ ነበር ያስቀመጣት። የማያውቀው ጎረቤት አስቦለታል። ጠጋኟ ለዚያ ሰው በልቧ እጅ ነሣች፤ ከቦርሳዋ የመብራቱን ኃይል የምትገታ ትንሽ ሬዚስተር ጨምራ፣ እርሳስ አቅልጣ፣ ምላሶቹ ላይ በየደቻት።

ከኋላዋ ሲስተር በየዐሥር ደቂቃው ቴርሞሜትሩን ያነብባሉ። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት።» በመጀመሪያ ድምፃቸው ቅዝቃዜውን የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ አምስት።» ቆይተው፣ ቴርሞሜትሩን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ሁለቴ አዩት። «ሠላሳ ስድስት ነጥብ ስምንት» አሉ፤ የሚሉትን ራሳቸው ያላመኑት ይመስል ነበር። «ሳጥኑ ውስጥ እንዲህ ሆኖልኝ አያውቅም።»

ጠጋኟ ሶኬቱን ሰካች። ቀይዋ መብራት በራች። የኪስ ሬድዮዋን ሳጥኑ ላይ ለጠፈቻት። ዝም።

«ጨረስኩ» አለች።

«ትንሽ ይቆይልኝ?» አለች እናትየዋ፤ ማንንም ሳታይ። ሲስተር ሳጥኑን አዩ፣ ልጅቱን አዩ፤ ብርድ ልብሱን አስተካከሉላትና ተዉአት።

ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱ እንደ ጠዋቱ በሬድዮ ክፍሉ ነበሩ። ድምፅ ማውጫው ባዶ አልነበረም። ጩኸቱ ሲነሣ ከሥሩ ሌላ ነገር ወጥቶ ነበር፤ ቀጭን፣ ለስላሳ፣ ማለቂያ የሌለው ሽውታ። ጠጋኟ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ገሚሱ ሌላ አገር የሚመታ መብረቅ ነው፤ ገሚሱ ከምድርም ማዶ፣ ከከዋክብት ነው የሚመጣው ይሏታል መጻሕፍቱ። ሁልጊዜ እዚያው ነበር። ከተማው ሁሉ እየፈጨ፣ እየሰፋ፣ እያሞቀ ስለሚጮኽበት ነው የማይሰማው።

ከሽውታው ውስጥ ድምፅ ወጣ፤ ቀጭን፣ ግን ጥርት ያለ።

«ሆስፒታል፣ ሆስፒታል... ትሰሙኛላችሁ?»

ሽማግሌው ቁልፉን ተጫኑ። «እንሰማሻለን የኔ ልጅ። አጠገቤ ያለሽ ነው የሚመስለኝ። ተናገሪ።»

ትናንት ማታ አንዲት ሴት ያለ ጊዜዋ ወልዳለች። ልጁ መዳፍ ነው የሚያህለው። በልብስ ጠቅልላዋለች፣ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ አድርጋ አስጠግታለታለች፤ እንዲያም ሆኖ እየበረደ ነው፣ ትንፋሹም እየራቀ ነው። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አለችው። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ፣ ልብሱን አውልቃ እናቱ ደረት ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ እንድታደርገው ነገራት። ሽማግሌው ቁልፉን ለቀቁ።

ሽውታ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፤ ጠዋት ሽማግሌው የሰሙት ለቅሶ አለበት።

«እናቱ አልነካም አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። እዚሁ ነኝ፣ ትሰማችኋለች። ‹የሚሞት ልጅ አታላምዱኝ› ነው የምትለው። ምን ልበላት?»

ሐኪሙ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት አልተማረም። ጠጋኟም በቦርሳዋ ውስጥ ያላትን ሁሉ በሐሳቧ ቆጠረች፤ ለዚህ የሚሆን ብሎን አልነበራትም። ያን ጊዜ ከደፉ ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። ሲስተር የእናትየዋን ክርን ደግፈው ቆመዋል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ሁሉን ሰምተዋል። ልጅቱ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ከላዩ የታየው አንዲት ትንሽ ጥቁር ራስ ብቻ ነበረች።

ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሡላት። የሚናገሩበትን ማይክ ወደ አፏ አስጠጉና ቁልፉን ራሳቸው ተጫኑላት።

ልጅቱ «እህቴ» አለች። «አታውቂኝም። እኔም ያለ ጊዜዬ ነው የወለድኩት። ዘጠኝ ቀን ሳልይዘው ኖርኩ፤ እንዳልለምደው ብዬ። ዛሬ ግድ ሆኖ ሰጡኝ። ይሞቃል፣ እህቴ። ልቡ ደረቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ የኔ ይሁን የሱ አላውቅም። የነገውን አላውቅልሽም፣ የኔንም አላውቅም። ግን አልሰበርኩትም። ስሚው።»

ይህን ብላ ማይኩን ከአፏ አርቃ ወደ ብርድ ልብሱ አወረደችው። ክፍሉ ውስጥ የተነፈሰ ሰው አልነበረም። ሕፃኑ ተነፈሰ፤ ትንሽ አቃሰተ፤ እንደገና ተነፈሰ። ሽማግሌው ቁልፉን ተጭነው እንደያዙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ትንፋሹ ሽቦውን ይዞ ወጣ፤ ጣሪያውን አልፎ፣ በናዳው ላይ፣ በተራሮቹ ላይ ሄደ። ጠጋኟ ሞገድ ምን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ ስሌቱንም ታውቅ ነበር። እንባዋ እየወረደ፣ ምንም የማላውቅ ሰው ነኝ ለካ አለች በልቧ።

ሽማግሌው ቁልፉን ለቀቁ። ሽውታው ተመለሰ።

ጠበቁ። የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል።

ከዚያ ሽውታው ድንገት ጠበበ፤ ከማዶ አንድ ሰው ቁልፍ ተጭኗል። ቃል ግን አልመጣም። የጨርቅ መንኮሻኮሽ መጣ። የአልጋ ሽቦ መንቋቋት። የሚጎተት እግር። ከዚያ ሁለት ትንፋሽ ተሰማ፤ አንዱ ረዥምና የተቆራረጠ፣ ሌላው ለመስማት ሁሉም ወደ ድምፅ ማውጫው እስኪጎነበሱ ድረስ ትንሽ።

ቁልፉ በተያዘ ቁጥር ባትሪው እየፈሰሰ ነው። ሽማግሌው ይህን ከሁሉም በላይ ያውቃሉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ እንጂ «ልቀቂው» አላሉም።